በክንድ ላይ የታሰረ አደራ



ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዕቃ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ቀላል ይመስላል። ዕቃው የገዢው ነው፤ ሻጩ ዋጋውን ተቀብሎ ሄዷል፥ ገዢውም ንብረቱን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷል፥ በመካከላቸውም የቀረ ጉዳይ የለም። አባቶቻችን ያስሩት የነበረው የእጅ ሰዓት በዚህ ሕግ የሚኖር ነበር። በየማለዳው ይሞሉታል፤ ቢዘገይ ያስተካክሉታል፤ ቢቆም ወደ ሰዓት ሠሪ ይወስዱታል። ሰዓት ሠሪውም ክዳኑን የሚከፍተው ባለቤቱ በገዛ እጁ ሲያስረክበው ብቻ ነበር። በሩቅ አገር ያለው ፋብሪካ ሰዓቱ ከተሸጠ በኋላ ከጥርሶቹ አንዱን እንኳ ሊለውጥ አይችልም ነበር።

በዛሬው ዘመን ግን ስማርት ሰዓት የሚባለው በብዙ ሰው ክንድ ላይ ይታያል። ይህ ዕቃ በመልኩ ሰዓት ይሁን እንጂ በሥራው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የልብን ትርታ ይቈጥራል፥ እንቅልፍን ይለካል፥ ባለቤቱ የሄደበትን መንገድ ይመዘግባል፥ ወደ ስልክ የመጣውን መልእክት ያሳያል። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ የሚመራው በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩም በየጊዜው ይታደሳል። ወጣቶቻችን «አፕዴት ማድረግ» ይሉታል። ባለቤቱ አስቀድሞ ከፈቀደ፥ እድሳቱ እርሱ ተኝቶ ሳለ በሌሊት ይፈጸማል። ጧት ሲነሣ ሰዓቱ ትናንት የማያውቀውን ዐውቆ፥ ወይም ትናንት ይሠራ የነበረውን ትቶ ይገኛል። እንግዲህ ያ ቀላል መስሎ የታየው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፦ ይህ ሰዓት የማን ነው? ጥያቄውንም ለመሣሪያ ዐዋቂዎች ብቻ ልንተወው አይገባም፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን መተማመን የሚነካ የኅሊና ጥያቄ ነውና።

ነገሩን በሚገባ ለመመርመር፥ እድሳቱ እንዴት እንደሚፈጸም በአጭሩ እንመልከት። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አፕል ዎች የሚባለውን ሰዓቱን መሸጥ የጀመረው በ2015 በኤፕሪል ወር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ኩባንያው አዲሱን ሶፍትዌር አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ያቀርባል። ባለቤቱ ሰዓቱን በቻርጀሩ ላይ ያኖራል፤ ባትሪው ቢያንስ 50 ከመቶ መሙላት አለበት፤ ከዋይፋይ ጋር የተገናኘው ስልኩም እንደ ልማዱ በአጠገቡ ይሆናል። የውሉ ቃል ሲወጣለት «እስማማለሁ» የሚለውን ይነካል። ሰዓቱም የመጣለትን ሶፍትዌር ከመቀበሉ በፊት የኩባንያው የምስጢር ማኅተም ያለበት መሆኑን ይመረምራል፤ ማኅተሙ ከሌለበት አይቀበለውም። ሥራው ሲፈጸም ሰዓቱ ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል። ባለቤቱ አዲሱን ባይወድደው፥ በገዛ እጁ ወደ ቀድሞው የሚመለስበት መንገድ አልተሰጠውም።

ማኅተሙ መልካም ነገር ነው፤ ክፉ ሰው የራሱን ሶፍትዌር በስውር እንዳያስገባ ይከለክላልና። ዳሩ ግን ማኅተሙን የያዘው ባለቤቱ አይደለም። በደጋው አገራችን የሣር ቤት ክዳን በየጊዜው ይለወጣል፤ የበሰበሰው ማገርም በሌላ ይተካል። ቤቱ በየዓመቱ ቢታደስም የባለቤቱ ቤት መሆኑ አይቀርም፤ ምክንያቱም ቀኑን የሚመርጠው እርሱ ነው፥ ጎረቤቶቹን ለደቦ የሚጠራው እርሱ ነው፥ የመጣውን ሣር በዓይኑ አይቶ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው እርሱ ነው። የሰዓቱን ክዳን የሚለውጠው ግን በሩቅ ያለ ሰው ነው፤ ሣሩንም የሚያውቀው ያ ሰው ብቻ ነው።

ለእንዲህ ያለ ግንኙነት በቋንቋችን የቆየ ቃል አለን፤ አደራ እንለዋለን። አደራ ግዢ አይደለም፥ ስጦታም አይደለም። የሌላውን ነገር በእጁ የያዘ ሰው፥ ባለቤቱ በማያይበት ጊዜ፥ ባለቤቱ በፊቱ የቆመ ያህል አድርጎ የሚጠብቅበት ቃል ኪዳን ነው። ስለዚህም በአገራችን ከሌባ ይልቅ አደራ በላ ይነቀፋል፤ ሌባ የሰረቀው ያላመነውን ሰው ነው፥ አደራ በላ ግን የበላው ያመነውን ነው። ስማርት ሰዓት የገዛ ሰው መስተዋቱንና ብረቱን ገዝቷል፤ የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር በተመለከተ ግን ከሠሪው ጋር የአደራ ዝምድና ውስጥ ገብቷል። ይህም ዝምድና በገበያ ሕግ ብቻ ሳይሆን በአደራ ሕግ ሊመዘን ይገባዋል።

1. እድሳትን መቀበል ስለሚገባበት ምክንያት

ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው፥ «እንግዲያስ ሰዓቴን ጨርሶ አላድስም፤ እንደ ገዛሁት ይኑር» ይል ይሆናል። ይህ ግን ጥንቃቄ መስሎ የሚታይ ቸልተኝነት ነው።

በ2019 በጁላይ ወር አፕል በሰዓቱ ላይ ዎኪ ቶኪ የሚባለውን፥ ሰዎች እየተቀባበሉ የሚነጋገሩበትን አገልግሎት በድንገት ዘጋው። የዘጋበትም ምክንያት፥ አንድ ሰው በዚህ አገልግሎት በኩል የሌላውን ሰው የስልክ ድምፅ ያለ ፈቃዱ ሊሰማ የሚችልበት ስሕተት ስለ ተገኘ ነው። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ወርም ስሕተቱን ያረመ እድሳት አውጥቶ አገልግሎቱን መለሰ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ቀዳዳው የሚጎዳው የሰዓቱን ባለቤት ብቻ አልነበረም፥ የሚነጋገረውን ባልንጀራውንም ነበር። ግድግዳህ ተሰንጥቋል ተብሎ የተነገረው ሰው፥ «አባቴም በዚህ ኖሮበታል» ብሎ ቢተወው፥ ግድግዳው በሚወድቅበት ቀን የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም። እንደዚሁም የታወቀ ቀዳዳ በሰዓቱ ላይ እያለ እድሳትን እንቢ የሚል ሰው፥ የሌሎችን ምስጢር በተከፈተ ቤት ማኖሩ ነው።

ደግሞም እድሳት የሚጨምረው በጎ ነገር አለ። በ2018 በሴፕቴምበር ወር የተሸጠው አራተኛው ተከታታይ አፕል ዎች፥ ሐኪሞች ኢሲጂ የሚሉትን የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ለመመዝገብ የሚያስፈልገውን ዕቃ በአካሉ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን አይሠራም ነበር። በዲሴምበር ወር በአሜሪካ የወጣው እድሳት ሥራውን አስጀመረው። ያው እድሳት ከዚያ በፊት ለተሸጡት ለብዙዎቹ ሰዓቶችም የልብን ትርታ መዛባት የማሳወቅ ችሎታን ሰጠ። የአውሮፓ አገሮች ብዙዎቹ ይህን ያገኙት በ2019 በማርች ወር ነው፤ እንዲህ ያለው ችሎታ የሚከፈተው የየአገሩ የጤና ባለ ሥልጣን ሲፈቅድ ነውና። ሰዓቱ ሐኪም አይደለም፤ ሠሪው ራሱም የልብ ድካምን ሕመም ሁሉ ያውቃል ብሎ አልተናገረም። ቢሆንም ባለቤቱ አዲስ ገንዘብ ሳይከፍል ዕቃው ከተገዛበት ቀን ይልቅ የተሻለ ሆነለት። ታማኝ አደራ ጠባቂ የተቀበለውን አትርፎ ሲመልስ እንዲህ ነው።

2. አደራው ስለሚፈተንበት ጊዜ

ነገር ግን የአደራ እውነተኛነት የሚታወቀው በመልካሙ ቀን አይደለም። እድሳት ሦስት ፈተናዎች አሉበት፤ እነርሱም ስሕተት፥ መውሰድና ፍጻሜ ናቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት ነው። በ2018 በኦክቶበር ወር መጨረሻ የወጣ አንድ እድሳት አንዳንዶቹን አዳዲስ ሰዓቶች አስነሥቶ ማቆም አቃተው፤ በመስተዋታቸው ላይ የኩባንያው ምልክት ብቻ ታይቶ ቀረ። ባለቤቶቹ በገዛ እጃቸው ሊያድኑአቸው አልቻሉምና ወደ ኩባንያው መጠገኛ መውሰድ ነበረባቸው። ኩባንያው ያን እድሳት ወዲያውኑ አነሣ፤ በሳምንት ውስጥም የታረመውን አወጣ። ስሕተት ክፋት አይደለም፤ ከሰው እጅ የሚወጣ ሥራ ሁሉ ይሳሳታል። የአደራ ጠባቂው ግዴታ ስሕተቱን ሳይሸሽግ ፈጥኖ ማቆምና የተጐዳውን መካስ ነው።

ሁለተኛው መውሰድ ነው። ማሲሞ የተባለ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ፥ አፕል በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን በሚለካበት ጥበብ የፈጠራ መብቴን ደፍሮብኛል ብሎ ከሰሰ፤ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽንም ለማሲሞ ፈረደ። ስለዚህ ከ2024 ጃንዩወሪ 18 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡት አዳዲስ ሰዓቶች ይህ አገልግሎት ተዘግቶባቸው ወጡ። የሚለካው መብራት በሰዓቱ ጀርባ እንደ ነበረ ነው፤ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የገዙት ግን አገልግሎቱ አልተወሰደባቸውም። በ2025 በኦገስት ወር ስሌቱን ከሰዓቱ ይልቅ በስልኩ ላይ የሚያደርግ አዲስ እድሳት ወጥቶ፥ ለተዘጋባቸው ሰዎች አገልግሎቱ ተመለሰ። በሁለት ሰዎች ክንድ ላይ አንድ ዓይነት ብረትና አንድ ዓይነት መስተዋት ታስሮ ሳለ፥ አንዱ የደሙን ኦክሲጅን ያይ ነበር፥ ሌላው አያይም ነበር፤ የለያቸውም የተገዙበት ቀን ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ የዕቃው ችሎታ በባለቤቱ ክንድ ላይ ሳይሆን በሩቅ ባለ ፍርድ ቤትና ጽሕፈት ቤት ሊወሰን እንደሚችል ነው። ይሁንና ኩባንያው አገልግሎቱ የሌለባቸውን ሰዓቶች ለይቶ ለገዢዎች አስታውቋል፤ አስቀድሞ የተነገረውን ጉድለት ዐውቆ የገዛ ሰው ተታለልሁ ሊል አይችልም።

ሦስተኛው ፍጻሜ ነው፤ ይህም ከሁሉ የከበደ ነው። በ2015 አፕል ከ18 ካራት ወርቅ የተሠራ ሰዓት አውጥቶ ነበር፤ ዋጋው ከ10,000 እስከ 17,000 የአሜሪካ ዶላር ነበረ። በ2018 በሴፕቴምበር ወር የወጣው አምስተኛው ታላቅ እድሳት ግን የመጀመሪያውን ትውልድ ሰዓቶች፥ የወርቁንም ጭምር፥ ተወአቸው። ወርቁ አልዛገም፤ ወርቅ አይዛግምና። ያረጀው በውስጡ ያለው ነው። ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ታስቦ የሚገዛ ወርቅ ከሦስት ዓመት ጥቂት ቢያልፍ መታደሱ አበቃ።

ከዚህ ጋር የፔብልን ነገር ብናነጻጽር ትምህርት እናገኛለን። ፔብል የተባለው ሰዓት በ2012 ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጥቶለት የተሠራ ነው። ኩባንያው በ2016 በዲሴምበር ወር ተዘጋ፤ ሶፍትዌሩንም ፊትቢት የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዛው። ሰዓቶቹ የሚደገፉባቸው ሰርቨሮች በ2018 ጁን 30 ቆሙ። ዳሩ ግን ፍጻሜው ከመምጣቱ በፊት በ2017 በስልኩ ላይ ያለው አፕሊኬሽን ያለ ሰርቨሩም እንዲሠራ የሚያስችል እድሳት ተሰጠ፤ ከዚያም ሪብል በሚባል ስም የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች አገልግሎቱን በራሳቸው ሰርቨር ቀጠሉ። በመጨረሻም በ2025 በጃንዩወሪ ወር ፊትቢትን የገዛው ጉግል የፔብልን ሶፍትዌር ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት አደረገው። የወርቁ ሰዓት ቁልፍ በሠሪው እጅ ቀረ፤ የርካሹ ሰዓት ቁልፍ ግን ዘግይቶም ቢሆን ለተጠቃሚዎቹ ተመለሰ። አደራን ከዚህ ወዲያ ልጠብቅ አልችልም ያለ ሰው ሊያደርገው የሚገባው ቁልፉን መመለስ ነው።

በዚህ ነገር ሕግም መናገር ጀምሯል። ከ2024 ኤፕሪል 29 ጀምሮ በብሪታንያ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሸጥ ሠሪ፥ የደኅንነት እድሳት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ እንዲያስታውቅ ታዝዟል። ይህም ለአደራው ቀነ ገደቡን በግልጥ መንገር ነው፤ ገዢው ለስንት ዘመን እንደሚያምን ሳያውቅ እንዳያምን ይረዳዋል።

3. ሳያውቁ ስለ መስማማት

እስከ አሁን የሠሪውን ግዴታ ተናገርን። አሁን ግን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ «እስማማለሁ» የሚለውን የምንነካው እኛ ነንና።

በቀድሞው ጊዜ ማንበብ የማይችል ሰው በውል ወረቀት ላይ ይፈርም የነበረው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ በማተም ነበር። ቅን ጸሐፊ ግን ጣቱን ከመያዙ በፊት ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮኾ ያነብለታል፤ ምስክሮችም ይሰማሉ፤ «የተነበበልህ እንደ ፈቃድህ ነውን?» ተብሎ ይጠየቃል። ያ ሰው ፊደል ባይቈጥርም በምን እንደ ተስማማ ያውቅ ነበር። የእኛ ነገር ግን ይህን ገልብጦታል። ፊደል የቈጠርን ሆነን ሳለን፥ በምን እንደ ተስማማን ሳናውቅ ጣታችንን በመስተዋቱ ላይ እናኖራለን። የአባቶቻችን ጣት ከዕውቀት በኋላ ያትም ነበር፤ የእኛ ጣት ከዕውቀት በፊት ያትማል።

እዚህ ላይ ሊመለስ የሚገባው ተቃውሞ አለ። «ውሉ ረጅም ነው፥ ቋንቋውም የሕግ ዐዋቂ ቋንቋ ነው፤ እኔ አንብቤ ብረዳው እንኳ ከመቀበል በቀር ምን ምርጫ አለኝ? በግድ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይደለም» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። ማንም ሊያነበው የማይችለውን ውል የሚጽፍ፥ እየተነፋነፈ እንደሚያነብ ጸሐፊ ነው፤ ጥፋቱም በእርሱ ላይ ይቈጠራል። ነገር ግን ሁሉን ማወቅ አለመቻል ምንም ላለማወቅ ፈቃድ አይሰጠንም። አደራ የሚሰጥ ሰው የጠባቂውን ቤት ማእዘን ሁሉ አይመረምርም፤ ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የምሰጠው ምንድር ነው? የምሰጠው ለማን ነው? ባስፈለገኝ ጊዜ ማቆም እችላለሁን? በሰዓቱ ነገር እነዚህን መጠየቅ የሚከብድ አይደለም። እድሳቱ ሲመጣ ምን እንደሚለውጥ የሚናገር አጭር ማስታወቂያ ከእርሱ ጋር ይወጣል፤ እርሱን ማንበብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከእድሳቱም በኋላ የልብ፥ የእንቅልፍና የሄድንበት ስፍራ መረጃ ለማን እንደሚታይ በስልኩ ላይ ተመልሶ ማየት ይቻላል። የማያስፈልገውንም መዝጋት ይቻላል።

ይልቁንም ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስለ ሌላ ሰው በምንስማማበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ፥ በአውሮፓ ወይም በገልፍ አገሮች የሚኖሩ ልጆች ለአረጁ ወላጆቻቸው ስለ ጤናቸው አስበው እንዲህ ያለውን ሰዓት ይልካሉ። ፍቅር ነው፥ መልካምም ነው። ሰዓቱን የሚያዘጋጀው ግን በቤት ያለው ወጣት ነው፤ እድሳት በመጣ ቍጥር «እስማማለሁ» የሚለውንም የሚነካው እርሱ ነው። አባባ ወይም እማማ ክንዳቸውን ዘርግተው ያስራሉ፤ የልባቸው ትርታ በየሰዓቱ እንደሚጻፍ፥ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ነቁ እንደሚመዘገብ፥ ይህም በሌላ አገር ላለ ልጃቸው ሊታይ እንደሚችል የነገራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። እኒህ ሽማግሌ በዕድሜአቸው ሙሉ የልባቸውን ነገር ለማን እንደሚነግሩ የሚመርጡ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ልባቸው ሳይጠየቅ ይናገራል።

ወጣት ሆይ፥ በዚያች ሰዓት አንተ ያ የውል ጸሐፊ ነህ። የምትነካው በራስህ ጣት ይሁን እንጂ የሚታተመው የአባትህ አሻራ ነው። ስለዚህ በአጠገባቸው ተቀመጥ፤ በሚገባቸው ቋንቋ፥ «አባባ፥ ይህ ሰዓት የልብዎን ትርታ ይጽፋል፤ ይህ አዲስ እድሳት እንዲህ ያለ ነገር ይጨምራል፤ እኅቴም ከዚያ ሆና ልታየው ትችላለች፤ ይወዳሉን?» ብለህ ጠይቃቸው። «እሺ፥ ልጄ» ቢሉ ስምምነቱ የእርሳቸው ሆኗል። «ይህስ ይቅርብኝ» ቢሉም ዝጋው፤ ከጤናቸው ጋር የሚያያዝ ከሆነ ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዳቸው እንጂ በስውር አትክፈተው። ለመልካም ተብሎ በስውር የተደረገ ነገርም አደራን ያጐድላል። በሩቅ ያላችሁ ልጆችም የወላጆቻችሁን ልብ በመስተዋት ማየት፥ ደውሎ «እንደ ምን አደሩ?» ማለትን እንዳይተካባችሁ ተጠንቀቁ። ቍጥሩ ደኅና ነው ሲል ልባቸው ያዘነ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ ብንመለስ፥ የሰዓቱ አካል የገዢው ነው፤ መንፈሱ ግን በሠሪውና በባለቤቱ መካከል ያለ አደራ ነው። ሠሪው የሚለውጠውን በግልጥ ይናገር፥ ስሕተቱን አይሸሽግ፥ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ ያስታውቅ፥ መጠበቅ ሲያቅተውም ቁልፉን ይመልስ። ባለቤቱም በፍርሃት አይዝጋ፥ በስንፍናም አይክፈት፤ ይልቁንም የሚሰጠውን ዐውቆ ይስጥ። ሰዓቱን የታደሰ ሰው ሁሉ ሰው ታድሷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በዚያች ትንሽ መስተዋት ላይ እውነተኛ ሆኖ መገኘትን የተለማመደ፥ በትልቁም ውል እውነተኛ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓታችሁ እድሳት መጥቷል ብሎ ክንዳችሁን ሲነካ፥ ጣታችሁን ከማኖራችሁ በፊት ጥቂት ቁሙና አንብቡ። በቤታችሁም ማንበብ የማይችል ቢኖር ለእርሱ አንብቡለት።